ልብወለድ በ30 ቀን፦ የአንድ ወር የጽሑፍ ዘመቻ በሐዋሳ ሲመዘን

«ናኖራይሞ» በሚል አጭር ስም የሚታወቀው የልብወለድ ጽሑፍ ዘመቻ እ.ኤ.አ. በ1999 በክሪስ ቤቲ አነሳሽነት፣ በሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ በ21 ሰዎች የተጀመረ ነው። ደንቡ በአንድ ወር ውስጥ 50,000 ቃላት ያሉት ረቂቅ መጨረስ ሲሆን፣ የተለመደው ምክሩም እስከዚያ ድረስ የጻፉትን አለማረም ነው። ይመራው የነበረው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2025 መዘጋቱን ቢያስታውቅም፣ ደንቡን ለመከተል የማንም ፈቃድ ስለማያስፈልግ ዘመቻው ዛሬም ያለ ክፍያ ለፈለገው ሁሉ ክፍት ነው። የመጀመሪያ ልብወለዴን ረቂቅ ሐዋሳ ተቀምጬ የጨረስኩት በዚሁ መንገድ በመሆኑ፣ ለአማርኛ ጸሐፊ ያለውን ጥቅምና ጉድለት እመዝናለሁ።

ትልቁ ጥቅሙ እርማትን ማቆየቱ ነው። የመጀመሪያውን ምዕራፍ ደጋግሞ ሲያሽሞነሙን ሁለተኛውን ሳይጀምር ዓመት የሚያልፍበት ጀማሪ፣ በየማታው የሚጠየቅበት ቁጥር ሲኖር ያላማረውን ዐረፍተ ነገር ትቶ ወደሚቀጥለው ለመሄድ ይገደዳል። ድርጅቱ ከተዘጋ ወዲህ ይህንን የሚጠይቅ አካል ስለሌለ፣ በየዕለቱ የደረሱበትን ቁጥር በቴሌግራም የሚልኩለት አንድ ጨካኝ ወዳጅ ማበጀት የግድ ነው።

ጉድለቱ መለኪያው ላይ ነው። በቀን 1,667 ቃላት የሚለው ስሌት ለእንግሊዝኛ የተቆረጠ ሲሆን፣ የአማርኛ ግሥ ግን ባለቤቱን፣ ተሳቢውንና አሉታውን በአንድ ቃል ጠቅልሎ ስለሚይዝ፣ ያንኑ ታሪክ ለመተረክ የሚያስፈልገው የቃላት ቁጥር በእጅጉ ያነሰ ነው። ስለዚህ 50,000 የአማርኛ ቃላት የሚያስገኙት መጽሐፍ ደንቡ ካሰበው የወፈረ ይሆናል፤ ቁጥሩን ለመሙላት ሲባልም ገጸ ባሕርያቱ ሰላምታቸውን ሳይጨርሱ አምስት ገጽ ያልፋል። በእኔ ግምት በቀን 1,100፣ በወር 33,000 ቃላት ተመጣጣኝ ግብ ነው፤ ሥራ ውሎ ለሚገባ ሰውም ይህ ቀላል አይደለም።

ዘመቻው በተለምዶ የሚካሄድበት ኖቬምበር በአብዛኛው ዓመት ከጥቅምት 22 እስከ ኅዳር 21፣ ማለትም እስከ ጽዮን ማርያም በዓል ድረስ ያለው ጊዜ ነው። የእኛ 12 ወራት እያንዳንዳቸው 30 ቀን ስላላቸው ግን የትኛውንም ከአንድ ጀምሮ እስከ ሠላሳ መያዝ ይቻላል። በሐዋሳ ለሚኖር ሰው ታኅሣሥንና ሐምሌን አልመክርም፤ በሁለቱም ወራት በ19ኛው ቀን ለገብርኤል ንግሥ ከየአቅጣጫው የሚመጣው እንግዳ ከተማውን ስለሚሞላ፣ ዘመድ ያለው ሰው ቤቱን ለቀናት አያዝበትም። የሲዳማ ዘመን መለወጫ የሆነው ፍቼ ጫምባላላም እንዲሁ ነው፤ ቀኑን አያንቶ የሚባሉት የሲዳማ አዋቂዎች ከዋክብትን አይተው ስለሚወስኑት፣ በዓሉ የሚውልበትን ጊዜ አስቀድሞ መጠየቅ ይበጃል።

ቦታን በተመለከተ፣ ሐይቅ ዳር መጻፍ ከሩቅ ሲያስቡት ያምራል፤ ከሰዓት በኋላ የሚነሳው ነፋስ ግን ደብተር አያስገልጥም። አሞራ ገደል ደግሞ ዓሣ የሚበላበት እንጂ ልብወለድ የሚጻፍበት ስፍራ አይደለም፤ አባ ኮዳ የሚባለውን ትልቅ ወፍ ችላ ቢሉት እንኳ ጦጣው ችላ አይልዎትም። ማለዳ በቤት ውስጥ መሥራት ይሻላል።

በስልክ ወይም በኮምፒውተር የሚጽፍ ሰው ከመጀመሪያው ቀን በፊት የገጸ ባሕርያቱንና የቦታዎቹን ስም አጻጻፍ ወስኖ በአንድ ወረቀት ላይ ማስፈር ይኖርበታል። ጸሎትና ፀሐይ፣ ሠናይትና ሐረገወይን በመሳሰሉት ስሞች ውስጥ ያሉት ሞክሼ ፊደላት በጥድፊያ ጊዜ ስለሚቀያየሩ፣ በኋላ «ፈልግ» የሚለውን ትእዛዝ ሲጠቀሙ ማሽኑ በ«ፀ» የተጻፈውን ሲያገኝ በ«ጸ» የተጻፈውን አልፎት ይሄዳል። እርማቱ የሚቆየው ለአንድ ወር ብቻ ስለሆነ ይህ ሁሉ ተጠራቅሞ ይጠብቃል፤ ረቂቁን ማረሙ ከመጻፉ ብዙ እጥፍ ጊዜ እንደሚወስድ አውቆ መግባት ያስፈልጋል።

ታሪኩ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚደርስ በግርድፉም ቢሆን ለሚያውቅ ሰው ዘመቻውን ያለ ማመንታት እመክራለሁ። አጭር ልብወለድ ለሚጽፍ ግን፣ የቃላት ብዛት ዋጋ የሚሰጠው ሥራ ስላልሆነ፣ አይጠቅመውም።