የግል ድርጅት ጡረታን አየነው፤ ስንት ኮከብ ልስጠው?

ጋሼ ማስረጃቸውን ይዘው የመጡት በጥቁር ፌስታል ነው። ውስጡ የ14 ዓመት የደመወዝ ወረቀት አለ። ግማሹ ግራሶ ጠጥቷል፣ ግማሹ ቀለሙ ጠፍቶ ባዶ ወረቀት ሊመስል ደርሷል። አጎቴ ናቸው፤ ቡሬ አንድ ፋብሪካ ውስጥ መካኒክ ነበሩ። 2017 ላይ 60 ሞላቸውና በቃዎት ተባሉ። እኔ ደግሞ "አንተ ተምረሃል" ተብዬ ጉዳይ አስፈጻሚ ሆንኩ።

ስለ ምግብ ቤትና ስለ ስልክ ሁሉም ሰው ይጽፋል። በየወሩ ከደመወዛችን እየተቆረጠ የምንገዛውን ይህን ዕቃ ግን ማንም ሲገመግመው አላየሁም። እንግዲህ እኔ ልሞክረው።

ለማያውቅ ባጭሩ። የግል ድርጅት ሠራተኛ ጡረታ ውስጥ የገባው በ2003 በወጣው አዋጅ ነው። ከዚያ በፊት ጡረታ የመንግሥት ሠራተኛ ነገር ነበር፤ ፋብሪካ ውስጥ ያረጀ ሰው ዕድል ከቀናው ፕሮቪደንት ፈንድ (ሠራተኛውና አሠሪው እያዋጡ፣ ሠራተኛው ሲወጣ ጠቅልሎ የሚወስደው ገንዘብ) ይኖረዋል፣ ካልቀናው የልጆቹን እጅ ማየት ነው። አሁን የምንሠራበት በ2014 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1268 ነው። ዋጋው? ከሠራተኛው ደመወዝ 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ፣ ድምር 18። ወር በወር ለመቀበል 60 ዓመት መድረስና ቢያንስ 10 ዓመት ማገልገል ያስፈልጋል።

ስሌቱን ወድጄዋለሁ። ግልጽ ነው፣ ማንም በስልኩ ካልኩሌተር ይሠራዋል። ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ። ጣሪያው 70 በመቶ ነው ሲሉህ ደስ ይላል። ቁጭ ብዬ አሰላሁት፤ 70 ለመግባት 42 ዓመት ማገልገል አለብህ። በ18 ዓመትህ ተቀጥረህ፣ አንድም ወር ሳታቋርጥ፣ እስክትሸብት። የመንግሥት አገልግሎት ካልተደመረለት ወይም የፕሮቪደንት ፈንዱ ካልተዛወረለት በቀር በግል ድርጅት እንዲህ ያለ ሰው ከየት ይመጣል? ሥርዓቱ ራሱ ገና በ2003 የተወለደ ልጅ ነው።

የጋሼ 14 ዓመት ስለዚህ 35 በመቶ ያመጣል። አማካይ ደመወዛቸው 10,000 ብር ገደማ ስለሆነ በወር 3,500 ማለት ነው። ነገርኳቸው። ትንሽ ዝም አሉና "ሩብ ኩንታል ጤፍ ናት" አሉ። ለበርበሬው የሚተርፍ የለም፤ ያውም ለቡሬ ሰው።

ከባዱ ነገር የመጣው ግን የጡረታ ቢሮው መስኮት ጋ ነው። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ኮምፒዩተሩን ነካ ነካ አደረገችና ፊቷ ተለወጠ። "አባቴ፣ እዚህ ጋ የ19 ወር መዋጮ የለም።" እንዴት ይጠፋል? ጋሼ ፌስታሉን ባንኮኒው ላይ ዘረገፉት። ወረቀቱ ላይ በየወሩ 7 በመቶው ተቆርጧል። ከእሳቸው ኪስ ወጥቷል፣ ግን አልገባም። ፋብሪካው የራሱን 11ም የእሳቸውንም 7 ይዞ ቁጭ ብሏል። ልጅቷ አንድ በአንድ አየችው፣ ማኅተም ያለበትን ለየች፣ በወር ደረደረች፣ ፎቶ ኮፒ እንዳስነሣ ላከችኝ። ሰው አከባበሯን ሳመሰግን አልጠግብም። ለእሷ አምስት ኮከብ። ገንዘቡ ከሦስት ምልልስ በኋላ ነው የተስተካከለው፤ መንገድ በተዘጋበት ሳምንት የተኛውን ጊዜ አልቆጥርም።

እስቲ አስቡት፣ ጋሼ እንደ ሌላው ሰው ያን ወረቀት ሲጋራ ቢጠቀልሉበትስ ኖሮ?

ሌላ ያስጨነቀን ነገር ቢኖር ፊደል ነው። የአያታቸው ስም በአንዱ ወረቀት በአልፋው አ፣ በሌላው በዓይኑ ዐ ተጽፏል። ለዚህ ሁለት ቀን። የኔታ ቢሰሙ ይደሰቱ ነበር።

ወረፋው ላይ ያለው ክርክር ግን ፓርላማ ያስንቃል። አንድ ጡረተኛ መምህር "60 ዓመት ገና ጉልበት ነው፣ የመውጫው ዕድሜ ይጨመር፣ ፈንዱም ይጠነክራል" ሲሉ ጋሼ እጃቸውን ዘረጉላቸው። ሁለት ጣታቸው አይታጠፍም። "መምህር፣ ከጠመኔ ጋር 60 ሌላ ነው፣ ከብረት ጋር 60 ሌላ ነው።" መምህሩ ሳቁ፤ ነገሩን ግን አልተዉትም።

አንድ ወጣት አካውንታንት ደግሞ ፕሮቪደንት ፈንድ ይመለስልን ባይ ነው። የራሴ ገንዘብ ነው፣ ስወጣ ጠቅልዬ ልውሰድ፣ ቤት ልሥራበት። እኔም እስከዚያ ቀን ከሱ ወገን ነበርኩ፣ አልዋሽም። ሐሳቤን ያስለወጠችኝ ከኋላችን የቆመች ነጠላዋን የተከናነበች ሴት ናት። ባሏ ዘበኛ ነበር፣ ሞቷል። እሷ የባሏን ጡረታ ግማሹን፣ ልጆቹ ደግሞ እያንዳንዳቸው 20 በመቶ ያገኛሉ። "አንዴ ጠቅልለው ቢሰጡኝ ኖሮ" አለች፣ "ገሚሱን የሱ ተዝካር፣ ገሚሱን ወንድሙ ይበሉት ነበር።" አካውንታንቱ ዝም አለ። እኔም።

ስለዚህ 18 በመቶ በዛ አልልም። ፕሮቪደንት ፈንድ ይሻላል ማለቱንም ትቻለሁ። የኔ ቅሬታ ሌላ ነው። ዕቁብ ገብታችሁ ታውቃላችሁ። እሑድ እሑድ ጸሐፊው ደብተሩን ገልጦ ማን እንደከፈለ፣ ማን እንደቀረ በሰው ፊት ያነባል፤ ዳኛው የቀረውን ይቀጣል፤ ብሩ የት እንዳለ ሁሉም ያውቃል። ለ200 ብር ዕቁብ እንዲህ የሚደረገው ለ14 ዓመት ጡረታ የማይደረገው ለምንድነው? ሠራተኛው መዋጮው ስለመግባቱ የሚያውቀው ሊወጣ ሲል መሆን አለበት? በየወሩ አንድ የስልክ መልእክት በቂ ነው፤ "የሰኔ ገብቷል" ወይም "የሰኔ አልገባም"። ባንክ 50 ብር ሲወጣብን ይነግረን የለ?

ሌላው የብሩ ጉዳይ ነው። የጡረታ ፈንዱ ለረጅም ጊዜ የመንግሥት የግምጃ ቤት ሰነድ (መንግሥት የሚበደርበት ወረቀት) ሲገዛበት የኖረ ገንዘብ ነው፤ ወለዱ ደግሞ ገበያው ከሚሮጠው ጋር ተወዳድሮ አያውቅም። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ የሆነውን እናንተም ታውቁታላችሁ። ጋሼ በ2005 የከፈሉት 7 በመቶ ያኔ ብዙ ነገር ይገዛ ነበር። በኋላ የሚመለሰው ቁጥሩ ነው። ጡረታው ከኑሮ ውድነቱ ጋር በራሱ የሚያድግበት ነገር የለም፤ መንግሥት ይጨመር ሲል ይጨመራል፣ እስከዚያ መጠበቅ ነው። ስለ መዋጮው መጠን የሚጮኸው ሁሉ እዚህ ላይ ቢጮኽ ደስ ይለኛል። የሠራተኛ ማኅበራትም ቢሆኑ፣ ዝቅተኛ ደመወዝ ይወሰን፣ የሥራ ግብር ይቀነስ ብለው ሲታገሉ አይቻለሁ፣ ጎሽ ብያለሁ፤ ደብተሩ ይገለጥ የሚለውንም ይጨምሩበት።

እና ኮከቡ። ለስሌቱ አራት። ለሟች ቤተሰብ ለሚደረገው አምስት፣ አልሰስትም። ደብተር ለማሳየት አንድ፣ እሱንም ስለ ልጅቷ ብዬ። ኑሮን ለመቋቋም ምንም።

የምትሄዱ ካላችሁ የቅጥር ደብዳቤያችሁን ከአሁኑ ፈልጉት፣ የደመወዝ ወረቀት አትጣሉ፣ የስማችሁን ፊደል አስተያዩ። ሌሊት መሰለፍ አያስፈልግም፣ ረፋድ ላይ ይሻላል፤ በዚያ ላይ ከበሩ ፊት ለፊት ያለችው ቡና የምታፈላ ሴት ከሦስት ሰዓት በፊት አትመጣም።

ጋሼ የመጀመሪያዋን ወር ተቀብለዋል። ከባንክ የተሰጣቸውን ወረቀት አራት አጥፈው ፌስታሉ ውስጥ ከተቱት፣ ፌስታሉንም ቋጥረው ወደ ቆጡ መለሱት።