ፊደላችንን የማያውቀው ማንበቢያ፦ ከወራት አገልግሎት በኋላ

የገዛሁት የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማንበቢያ የአማርኛ መጽሐፍ ሲከፈትበት በፊደላቱ ፈንታ ባዶ ሳጥኖች ይደረድራል። ከወራት አገልግሎት በኋላ ስለዚህ ዕቃ የምለው ሁሉ ከዚህ ይነሣል፤ ገንዘቤን ያወጣሁት በዋናነት አማርኛ ላነብበት ነውና። የግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ (ለዓለም ፊደላት ሁሉ ለኮምፒውተር የሚሆን ኮድ ወደሚሰጠው የጋራ ሥርዓት) የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ሲሆን የመጀመሪያው ባለ ኢ-ኢንክ፣ ማለትም እንደ ወረቀት የሚነበብ ስክሪን ያለው፣ ማንበቢያ ለገበያ የቀረበው በ2004 ነው። እንዲህ ያለው መሣሪያ ከተወለደበት ቀን ጀምሮ ፊደላችን የራሱ ኮድ ነበረው ማለት ነው፤ «ገና ጊዜ ያስፈልገዋል» የሚለውን ምክንያት ስለዚህ አልቀበለውም።

ሻጩ «ፎንት (የፊደላቱን ቅርጽ የያዘ ፋይል) መጫን ይቻላል» ሊለኝ ይችላል። እውነት ነው፣ ጭኜአለሁም። ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ የተባለውን ነፃ ፎንት አውርጄ በኬብል ካስገባሁ ወዲህ የመጽሐፉ ገጽ ጥርት ብሎ ይነበባል። ነገር ግን ፎንቱ የሚሠራው መጽሐፉ ውስጥ ብቻ ነው፤ በመጻሕፍቱ ዝርዝርና ያሰመርኩባቸው ዐረፍተ ነገሮች በሚሰበሰቡበት ገጽ ላይ ሳጥኖቹ እንዳሉ ናቸው። አንዱን መጽሐፍ ከሌላው ለመለየት ርእሶቹን ኮምፒውተር ላይ በላቲን ፊደል መለወጥ ግድ ሆኖብኛል። አምራቹ ማንም በነፃ ሊያሰራጨው የተፈቀደለትን ፎንት ከፋብሪካው አብሮ ቢጭነው ምን ይጎድልበት ነበር? «ገበያው ትንሽ ነው» የሚለኝም ካለ፣ አንዱ ማሻሻያ አማርኛን፣ ትግርኛንና የግዕዝ መጻሕፍትን በአንድነት እንደሚያገለግል ላስታውሰው እወዳለሁ።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነኝ ግን ፍለጋው ነው። የግዕዝ ኪቦርድ ስለሌለው በአንድ ረጅም የታሪክ መጽሐፍ ውስጥ የአንድን ሰው ስም መፈለግም ሆነ በኅዳጉ ላይ በአማርኛ ማስታወሻ መጻፍ አይቻልም፤ ርካሽ ስልክ እንኳ ይህን ይችላል። ኪቦርዱ ብቻውንም አይበቃም። አንዱ ደራሲ «ኃይለ» ብሎ የጻፈውን ሌላው «ሀይለ» ስለሚለው፣ ፍለጋው ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ ሰ እና ሠን፣ አ እና ዐን፣ ጸ እና ፀን አስተባብሮ ካላየ ግማሹን ሳያገኝ ይመለሳል። መዝገበ ቃላቱም እንዲሁ ነው፤ የአማርኛ መዝገበ ቃላት አዘጋጅቼ ብጭንበትም «ስለሚያስፈልጋቸው» የሚለውን ስነካ ቃሉን እንዳለ ስለሚፈልግ ምንም አያመጣም፤ ፊትና ኋላ ያሉትን ቅጥያዎች ገፎ «ፈለገ» ላይ የሚያደርስ ሶፍትዌር ያስፈልገናል።

ብዙዎቹ የአማርኛ መጻሕፍት በፒዲኤፍ የሚገኙ መሆናቸው ሌላው ችግር ነው። ተቃኝቶ የተቀመጠ ገጽ በ6 ኢንች ስክሪን ላይ ዓይን ያደክማል፤ ኅዳጉን ቆርጦ ጽሑፉን የሚያሰፋ አሠራርና በተመጣጣኝ ዋጋ የሚገኝ ሰፋ ያለ ስክሪን እሻለሁ። ከዩኒኮድ በፊት በነበሩ ፎንቶች የተተየቡት ደግሞ ጽሑፉ እንዲሰፋ ሲታዘዝ ወደ ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ይለወጣሉ።

ስክሪኑንና ባትሪውን አልነቅፍም። ኢ-ኢንክ ገጹ ሲገለጥ እንጂ ገጹን ለማቆየት ኤሌክትሪክ ስለማይፈልግ፣ መብራት በሚጠፋበት ሰሞን እንኳ ባትሪው ለሳምንታት አያሳስብም፤ ፀሐይ ላይ ሲነበብም የሚወዳደረው ስልክ የለም። በዚህ ምክንያት አልሸጠውም።

እንግሊዝኛ ብቻ ለሚያነብ ሰው ያለ ማመንታት ይግዛ እላለሁ። አማርኛ ለማንበብ የሚፈልግ ግን ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት ሻጩ አንድ የአማርኛ ኢፐብ (የተለመደ የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ዓይነት) ፋይል ከፍቶ ርእሱን በዝርዝሩ ላይ እንዲያሳየውና አንድ ስም በፊደላችን ጽፎ እንዲፈልግለት ይጠይቀው። ይህን የሚያደርግ ዕቃ ባገኝ ከዚህኛው እጥፍ ዋጋ ቢጠየቅበትም እገዛዋለሁ።