ኤስዲኤስ011 የብናኝ መለኪያ፦ ለመጠርጠር ይበቃል፣ ለመክሰስ አይበቃም

የኖቫ ፊትነስ ምርት የሆነው ኤስዲኤስ011 ብናኝን አይመዝንም፤ ይገምታል። ማራገቢያው አየር ይስባል፣ ብናኙ የሌዘሩን ብርሃን ሲበትን መሣሪያው ይቆጥርና ቁጥሩን ወደ ክብደት ያሰላል። ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤቶች መነሻ የሚያደርጉት ዘዴ ግን በእርግጥም ሚዛን ነው፦ አየር በማጣሪያ ውስጥ ለ24 ሰዓት ያልፋል፣ ማጣሪያው ሙቀቱና እርጥበቱ በተወሰነ ክፍል ቆይቶ ይመዘናል።

ደረቅ አየር ላይ የፒኤም 2.5 (ስፋቱ ከ2.5 ማይክሮሜትር የማይበልጥ ደቃቅ ብናኝ) ንባቡ ጥሩ ነው፤ ጭስ ሲመጣና ሲሄድ ወዲያው ያሳያል። የፒኤም 10 (እስከ 10 ማይክሮሜትር የሚደርሰው ብናኝ) ንባቡን ግን እርሱት። ደቃቁን እንጂ ሻካራውን አቧራ በደንብ ስለማያይ፣ ድንጋይ መፍጫ አጠገብ ቢተከል ዝቅ ያለ ቁጥር ሰጥቶ ያታልላል።

ዋናው ጠላቱ እርጥበት ነው። ብናኝ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ያበጠው ደግሞ ብዙ ብርሃን ይበትናል፤ የንጋት ጭጋግ እንደ ብክለት የሚመዘገበው ለዚህ ነው። የእርጥበት መለኪያ አብራችሁ ትከሉ፤ ከ70 በመቶ በላይ በሆነ ሰዓት የተመዘገበውን ለይታችሁ አስቀምጡ። አምራቹ ራሱ ያስቀመጠው ጣሪያ ይኸው ነው።

የአምራቹ ሠንጠረዥ የስህተቱን ልክም አልደበቀም፣ ገዢ ነው የሚዘለው፦ እስከ 15 በመቶና 10 ማይክሮግራም በኪዩቢክ ሜትር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣው የፒኤም 2.5 ዓመታዊ መመሪያ 5 ማይክሮግራም ነው። ስህተቱ ከመመሪያው እጥፍ ሆነ ማለት ነው! የአውሮፓ ኅብረት የ2008 መመሪያም ለቋሚ ጣቢያ 25 በመቶ፣ ለአመላካች (ግምታዊ) መለኪያ 50 በመቶ የስህተት ወሰን የለየው ሁለቱ እንዳይምታቱ ነው።

የሌዘሩ ዕድሜ 8000 ሰዓት ነው፤ ያለ ዕረፍት ከሠራ 11 ወር ገደማ። በየ5 ደቂቃው 30 ሴኮንድ ብቻ እንዲነቃ ካዘዛችሁት ሌዘሩ አሥር እጥፍ ይቆያል፣ ምናልባት ቀድሞ የሚደክመው ማራገቢያው ይሆናል። የአየር ማስገቢያውን ወደ ታች አዙሩ፣ ሸረሪት እንዳይገባ በወንፊት ሸፍኑት፣ ቱቦውን አሳጥሩት። ከመትከላችሁ በፊት ሁለት መሣሪያ ጎን ለጎን አሠሩ፤ በሰፊው ከተለያዩ ቢያንስ አንዱ ጉድለት አለበት።

ለተቆጣጣሪ አቤቱታ የምታቀርቡ ከሆነ በከፍተኛው ቁጥር አትከራከሩ። ጥሬውን መረጃ ከእርጥበቱና ከነፋሱ አቅጣጫ ጋር አያይዛችሁ ብናኙ በየትኛው ሰዓት እንደሚደጋገም አሳዩ፤ መርማሪው የራሱን መለኪያ ይዞ መቼ መምጣት እንዳለበት የሚያውቀው ከዚያ ነው።