ግሪፊ ወይስ ቦንድስ?

ከሁለቱ የአሜሪካ ቤዝቦል ኮከቦች በቁጥር ከሄድን ባሪ ቦንድስ ይበልጣል። 762 ሆም ረን (ኳሷን ከሜዳው አጥር ውጭ የሚያሳልፍ ምት) መትቷል፤ 73ቱን በ2001 እ.ኤ.አ. ብቻ። ሰባት ጊዜም የሊጉ ኮከብ ተብሏል። ኬን ግሪፊ ጁኒየር በ630 ቆመ። ሲንሲናቲ ቡድን ከገባ በኋላ ጉዳት አላላውስ አለው።

እኔ ግን ምረጥ ካላችሁኝ ግሪፊን ነው። ሲያትል ሳለ ኳሷን አጥሩ ላይ ዘሎ ሲቀልባት ማየት ሌላ ነገር ነበር! ከ1990 እስከ 1999 በየዓመቱ የወርቅ ጓንት (የምርጥ ተከላካይ ሽልማት) ወስዷል። ቦንድስም ስምንት አለው፣ አይናቅም።

ዋንጫ? ሁለቱም አላነሱም። ቦንድስ በ2002 ፍጻሜው ደርሶ በሰባተኛው ጨዋታ ቡድኑ ተሸነፈ። ግሪፊ እዚያም አልደረሰ።

ቦንድስን የአበረታች መድኃኒት ጥርጣሬ አጠላበት። አሥር ዓመት ሙሉ የመራጮቹን ጋዜጠኞች ድምፅ ጠብቆ የቤዝቦል ታላላቆች የሚከበሩበት የዝና አዳራሽ ሳይገባ ቀረ። ግሪፊ በ2016 በመጀመሪያ ሙከራው 99.3 በመቶ አግኝቶ ገባ።