ቻርጅ የሚደረገው ወይስ የማይደረገው? ከቆዳ ሥር የሚቀበር የነርቭ ማነቃቂያ ንጽጽር

ለጀርባ ሕመሜ፣ ከባትሪው በሚወጣ ቀጭን ሽቦ ወደ ኅብለ ሰረሰር ደካማ የኤሌክትሪክ ንዝረት እየላከ ሕመም የሚያስታግሰውን የነርቭ ማነቃቂያ ካስተከልሁ ወዲህ፣ በሜሪላንድ ያሉ ወዳጆቼ የትኛውን ባትሪ እንደሚመርጡ ደጋግመው ይጠይቁኛል። የእኔ ቻርጅ የሚደረገው ነው፤ እንደገና ብመርጥ ግን ሌላውን እወስዳለሁ።

ቻርጅ የሚደረገው 10 ዓመትና ከዚያም በላይ ሊያገለግል ይችላል፤ የማይደረገው እንደ አጠቃቀሙ በጥቂት ዓመታት ያልቅና በቀዶ ሕክምና ይለወጣል። የአሜሪካ መንግሥት በተለይ ለአረጋውያን በሚሰጠው የጤና መድን በሜዲኬር፣ የሐኪም ወጪን በሚሸፍነው ክፍል ቢ፣ ዓመታዊው የራስ ክፍያ ከተሟላ በኋላ እንኳ ሜዲኬር ከፈቀደው የሐኪም ሂሳብ 20 በመቶው በታካሚው ላይ ስለሚወድቅ፣ እያንዳንዱ ቅየራ ወጪ አለው፤ ቁስሉም ሊያመረቅዝ ይችላል። እኔም ይህን አስልቼ ነበር ረጅም ዕድሜ ያለውን የመረጥሁት።

ያላሰላሁት የቻርጀሩን ጣጣ ነው። በየሦስት ቀኑ የቻርጀሩን ቀበቶ ታጥቄ፣ በላዩ ያለውን ክብ ሳሕን ወገቤ ሥር ከተቀበረው ባትሪ ጋር እስኪገጥም ወዲያና ወዲህ እያንሸራተትሁ፣ ቆዳዬ እየጋለ አንድ ሰዓት ያህል እቀመጣለሁ። ቻርጀሩ የዋስትናው ጊዜ ካለፈ በኋላ ሲበላሽ፣ ገንዘብ ልቆጥብ ብዬ በኢንተርኔት ያገለገለ በ180 ዶላር ገዛሁ። መልኩ ከእኔው አይለይም፤ የተሠራው ግን ለሌላ ሞዴል ስለነበር ባትሪዬን ሊያገኘው አልቻለም፤ ሻጩም ገንዘቤን አልመለሰም። ትክክለኛው እስኪመጣ 11 ቀን ያለ ማነቃቂያ ሰነበትሁ፤ እግሬን የሚያቃጥለው ሕመምም እንደ ቀድሞው ተመለሰ።

ሻጮች ስለ ባትሪ ሲያወሩ ስለ ሽቦው ዝም ይላሉ፤ ብዙው ችግር ግን ከእርሱ ነው። ሽቦው ከተንሸራተተ ንዝረቱ የሚያመውን እግር ትቶ ጎድን ላይ ሊሰማ ይችላል፤ ሊሰበርም ይችላል፤ ለዚህ የባትሪው ዓይነት ለውጥ አያመጣም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2016 እስከ ሐምሌ 2020 ስለ እነዚህ መሣሪያዎች 107,728 ሪፖርቶች ደርሰውታል፤ ሪፖርት ሁሉ የመሣሪያው ጥፋት ነው ማለት ባይሆንም፣ መሥሪያ ቤቱ በመስከረም 2020 ሐኪሞች ከመትከላቸው በፊት የሙከራ ጊዜ እንዲያደርጉ አሳስቧል። ሙከራው ሽቦውን ብቻ አስገብቶ ባትሪውን ከውጭ ለጥቂት ቀናት መያዝ ስለሆነ፣ አይለፋችሁ።

ከፍተኛ ኃይል ስለሚያስፈልገው ባትሪው ቶሎ የሚያልቅበት ወጣት ካልሆነ በቀር፣ በተለይ እጃቸው ለሚንቀጠቀጥ አረጋውያን የማይደረገው ይሻላል እላለሁ። ሌላውን የሚመርጥ ሰው ግን ከመፈረሙ በፊት የመለዋወጫ ቻርጀሩን ዋጋ በጽሑፍ ይጠይቅ።