ሳይኮሎጂ፣ ሶሻል ወርክ፣ ሶሲዮሎጂ ወይስ የሕፃናት ትምህርት? ዲፓርትመንት ለምትመርጡ የሰሜን ሸዋ ልጆች

የዲፓርትመንት ምርጫ ሲመጣ ብዙ ልጅ «ሰው የሚረዳ ሙያ እፈልጋለሁ» ይላል። ደስ የሚል ሐሳብ ነው። ግን በዚህ ሐሳብ ቢያንስ አራት ዲፓርትመንት መግባት ይቻላል፤ ውሏቸው ደግሞ ለየቅል ነው። ደብረ ሲናም ሁኑ መሐል ሜዳ ወይ ሸዋ ሮቢት፣ ተማሪዎችም ወላጆችም ቅጹን ከመሙላታችሁ በፊት ይቺን አንብቡልኝ።

በአሜሪካ እንደ ፔን ስቴት ባሉ ዩኒቨርሲቲዎች የሰው ልጅ እድገትና የቤተሰብ ጥናት ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ሰው ከልደት እስከ እርጅና እንዴት እንደሚለወጥ፣ ቤተሰቡስ በዚያ ላይ ምን ድርሻ እንዳለው ይማሩበታል። እኛ ጋ ይሄ ሁሉ ተበታትኖ በአራቱ ዲፓርትመንቶች ውስጥ ነው የሚገኘው።

ልዩነቱ እንዲታያችሁ አንድ ልጅ እናስብ። ስድስት ዓመቱ ነው እንበል። ከእናቱ ጋር ተፈናቅሎ ደብረ ብርሃን መጠለያ ውስጥ ይኖራል። ቀን አያወራም፣ ሌሊት ይባንናል። ኦ ክፍልም አልገባም።

ሳይኮሎጂ የተማረው ከልጁ ጋር ይቀመጣል። ዝም ያለው ከመቼ ጀምሮ ነው? ከእናቱ ሲለይ ምን ይሆናል? ወረቀትና ቀለም ሰጥቶ ሲሥል ያየዋል። ሶሻል ወርክ የተማረችው እናቱንም ጭምር ትይዛለች። እርዳታው በማን ስም ነው የሚወጣው? አባትየው የት ነው? ትምህርት ቤቱ «የልደት ካርድ አምጡ» ካለ ቀበሌም፣ ርዕሰ መምህሩ ጋም አብራ ትሄዳለች። ሶሲዮሎጂ የተማረው ጥያቄውን ያሰፋዋል፤ እንዲህ ያሉ ልጆች ስንት ናቸው? ዕድሩና ጉርብትናው ሲበተን በምን ተተካ? የሕፃናት እንክብካቤና ትምህርት የተማረችው ደግሞ ልጁን ክፍሏ ታስገባዋለች። አታስጨንቀውም። ሌሎቹ ሲዘፍኑና በአሸዋ ሲጫወቱ አጠገባቸው ታስቀምጠዋለች፤ ራሱ እስኪጠጋ ትጠብቃለች።

ስታነቡ ራሳችሁን በየትኛው ቦታ አያችሁት? ከዚያ ጀምሩ።

ብዙ ልጅ የሚጓጓው ለሳይኮሎጂ ነው። ፍሬሽማን ላይ ጄኔራል ሳይኮሎጂን ቀምሳችሁታል፤ ከወደዳችሁት ጥሩ ምልክት ነው። የሥነ ልቦና ሊቃውንቱ ፒያዤ ስለ ልጆች አስተሳሰብ፣ ኤሪክሰን ስለ 8ቱ የእድገት ደረጃዎች ያሉትን በደንብ የምታገኙት እዚህ ነው። ሁለት ነገር ግን ልብ በሉ። ስታቲስቲክስ አለው፤ ከሒሳብ ለመሸሽ ብላችሁ እንዳትገቡ። ሌላው፣ በመጀመሪያ ዲግሪ ብቻ የክሊኒክ ባለሙያ አይኮንም። ሆስፒታል ገብታችሁ ማከም የምትመኙ ከሆነ ማስተርሱን ከአሁኑ በሐሳባችሁ ያዙት።

ሶሲዮሎጂ መጠየቅና መጻፍ ለሚወድ ነው። ጥናት፣ መጠይቅ፣ ሪፖርት ይበዛዋል። ከአንድ ቤተሰብ ጋር ወራት መቆየት ለሚፈልግ ሰው ግን ርቀቱ ያስቸግረዋል።

ስለ ቤተሰብ ነው የምማረው ለሚል ልጅ የእኔ ምርጫ ሶሻል ወርክ ነው። በሰሜን ሸዋ ገጠር ያለዕድሜ ጋብቻን አስቡት። የፌዴራሉም የአማራ ክልሉም የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ 18 ብለውታል። ሕጉ ሠርጉን ያስቆማል። በማግስቱስ? ልጅቷ እዚያው ቤት ናት፣ አባቷ ተቆጥቷል፣ ለድግስ የተበደረው ገንዘብ አለ፣ ትምህርቷም ተቋርጧል። ያን ቤት ማንኳኳት፣ ሽማግሌ ማነጋገር፣ ልጅቷን ክፍል መመለስ የሶሻል ወርክ ሥራ ነው። ሳይኮሎጂውም፣ ሕጉም፣ የቀበሌው አሠራርም በአንድ ላይ ያስፈልጋል።

ሙያው ብዙ ያልታወቀበት ምክንያት አለው። የአዲስ አበባው የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤት በ1959 እ.ኤ.አ. ተከፍቶ በደርግ ዘመን ተዘጋ፤ በ2004 እ.ኤ.አ. በማስተርስ ደረጃ ነው የተመለሰው። የሥራው ከባድ ጎንም አይደበቅም። የሰው ጭንቀት ቤት ድረስ ይከተላል፣ የወረዳ ቢሮ ሪፖርትም አያልቅም።

የሕፃናት ትምህርት ያለአግባብ ተንቋል። «ዲግሪ ይዘሽ ሕፃን ልትጠብቂ?» የሚሉ ወላጆች ያናድዱኛል። ቋንቋ፣ ራስን መግዛት፣ ከሰው ጋር መኖር መሠረታቸው የሚጣለው በእነዚያ ዓመታት ነው። አዲሱ የትምህርት ፖሊሲም ከ1ኛ ክፍል በፊት የ2 ዓመት ቅድመ መደበኛ ትምህርት ይጠይቃል፤ ስለዚህ የተማረ ሰው ያስፈልጋል። ደመወዙ ዝቅ ማለቱ ግን እውነት ነው። ልጅ የሚወድና ትዕግሥት ያለው ይግባበት፤ ወንዶችም ጭምር።

ሥራን በተመለከተ፣ የድርጅቶችን ማስታወቂያ ብታዩ «ሶሻል ወርክ፣ ሶሲዮሎጂ፣ ሳይኮሎጂ ወይም ተመሳሳይ» የሚለው በአንድ መስመር ይመጣል። ስለዚህ ሦስቱ እርስ በርስ ይሻማሉ። ሲቪያችሁ ላይ የመስክ ልምምድና በጎ ፈቃድ ሥራ ካለ ግን ትለያላችሁ።

የት እንማር? ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ሳይኮሎጂና ሶሲዮሎጂ አለ። ለሰሜን ሸዋ ቤተሰብ ቅርበቱ ቀላል ነገር አይደለም፤ ስንቅ መላክም፣ ልጅ ሲታመም መድረስም ይቻላል። ጋቢ ግን አትርሱ፤ ከተማው ብርዳም ነው። ሶሻል ወርክ ያላችሁ አዲስ አበባንና ጎንደርን ተመልከቱ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱ መግቢያ ፈተና አለው፤ ማትሪክ ብቻ አይበቃም። የትም ብትማሩ መጨረሻ ላይ የመውጫ ፈተና አለ፤ ማለፊያው 50 በመቶ ነው።

ከመምረጣችሁ በፊት ሲኒየር ፈልጋችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ። ለመስክ ልምምድ የት ነው የሚልኳችሁ? እዚያ ስትደርሱ በትክክል ምን ትሠራላችሁ? ባለፈው ዓመት ከተመረቁት ሥራ ያገኙት የት ገቡ? ሲኒየሩ የመጀመሪያውን መመለስ ካቃተው ዲፓርትመንቱ ልምምድ ላይ ደካማ ሊሆን ይችላልና ሌላም ሰው ጠይቁ።