በደብረ ብርሃን ያገኘነው የታይሮይድ አልትራሳውንድ ምርመራ

በደብረ ብርሃን ከተማ በአንድ የግል የምርመራ ማዕከል ያገኘነውን የታይሮይድ (አንገት ላይ ያለ ሆርሞን አመንጪ ዕጢ) አልትራሳውንድ አገልግሎት የምመዝነው፣ የዛሬው ውጤት ከዓመት በኋላ ከሚገኘው ጋር እንዲነጻጸር ሆኖ ተጽፎልናል ወይ በሚለው መስፈርት ነው። በዚህ በኩል ማዕከሉ ሊመሰገን ይገባዋል፤ ጉድለቱም ያለው እዚያው ላይ ነው።

ታካሚዋ የመንዟ አክስቴ ናቸው። አንገታቸው ላይ ያለው እብጠት «እንቅርት ነው፣ አይጎዳም» እየተባለ ብዙ ጊዜ ታልፏል። እርግጥ ነው፣ አዮዲን በሚያንስበት ደጋ እንቅርት የተለመደ ነው፤ በታይሮይድ ዕጢ ላይ ከሚወጡትና ኖዱል ከሚባሉት እባጮችም አብዛኞቹ ካንሰር አይደሉም። ይሁን እንጂ ጥቂቶቹን ከብዙዎቹ በመዳሰስ ብቻ መለየት አይቻልም።

ሐኪሙ አስቀድመው የቲ.ኤስ.ኤች. (የታይሮይድን ሥራ የሚቆጣጠር ሆርሞን) የደም ምርመራ ውጤት ጠየቁን፤ መጠኑ ዝቅ ካለ ኖዱሉ ራሱ ሆርሞን እያመነጨ ሊሆን ስለሚችል ቀጣዩ ምርመራ ይለያልና አካሄዳቸው ትክክል ነበር። ከዚያም የኖዱሉን ርዝመት፣ ስፋትና ውፍረት ለክተው፣ ጠጣር ይሁን ፈሳሽ የቋጠረ፣ ጠርዙ የተስተካከለ መሆን አለመሆኑን፣ የካልሲየም ነጠብጣብ እንዳለውና የአንገት ንፍፊቶች ማበጥ አለማበጣቸውን ሁሉ መዘገቡ። ቀደም ሲል ሌላ ቦታ የተሰጠን ወረቀት አንድ ቁጥር ብቻ ስለያዘ ለንጽጽር አልረዳንም። ኖዱል አደገ የሚባለው ቢያንስ በሁለት አቅጣጫ 20 በመቶና ከ2 ሚሊ ሜትር ያላነሰ ሲጨምር በመሆኑ፣ ሦስቱም ልኬቶች ያስፈልጋሉ።

የአሜሪካ የራዲዮሎጂ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መመሪያ መሠረት፣ ከፍተኛ ጥርጣሬ ያለበት ኖዱል 1 ሴንቲ ሜትር፣ መካከለኛው 1.5፣ አነስተኛው ደግሞ 2.5 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ በቀጭን መርፌ ናሙና ይወሰዳል። የአክስቴ ከመካከለኛው ተመድቦ፣ መጠኑ 1.5 ሴንቲ ሜትር ስላልሞላ ከዓመት በኋላ እንዲመለሱ ተቀጠሩ። ያለ በቂ ምክንያት መርፌም ሆነ ቀዶ ሕክምና አለመታዘዙን እንደ ትልቅ ብቃት እቆጥረዋለሁ።

ቅር ያሰኘኝ የማብራሪያው ማጠር ነው። ድምፅ ሲጎረንን፣ መዋጥ ወይም መተንፈስ ሲያስቸግር፣ እብጠቱም በፍጥነት ሲያድግ ቀጠሮ ሳይጠበቅ መምጣት እንደሚገባ የተነገረን እኛው ጠይቀን ነው፤ ከገጠር ለሚመጣና ለማይጠይቅ ታካሚ ይህ ከባድ ክፍተት ነው። ምስሎቹም አልተሰጡንም። በሚቀጥለው ዓመት እዚያው እንመለሳለን፤ ማዕከሉ ግን ምስሎቹን ከውጤቱ ጋር ቢሰጥና የአደጋ ምልክቶቹን በአማርኛ ጽፎ ቢያያይዝ፣ ወደ አዲስ አበባ የሚላክ ታካሚ ምርመራውን ከመጀመሪያው ከመድገም ይድናል።